ቅቤ፣ ጉሎና ኮኮናት፤ የተፈጥሮ ቅባት ለጠጕር ያለው ጥቅም ሲመዘን

የተፈጥሮ ቅባት ለጠጕር ይጠቅማልን ብሎ በወላይታ ሶዶ ገበያ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ዐይነት መልስ ያገኛል። አንደኛው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ከምትሸጠው እናት የሚሰማ፣ የእናትንና የአያትን ጠጕር ምስክር አድርጎ የሚጠራ የልማድ መልስ ነው፤ ሁለተኛው ከህንድ፣ ከሞሮኮ ወይም ከጃማይካ መጣሁ የሚል ጽሕፈት የተለጠፈበትን ትንሽ ጠርሙስ ከሚሸጠው ባለ ሱቅ የሚመጣ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሳሳው ይበዛል፣ ያጠረው ይረዝማል፣ የተመለጠው ያበቅላል የሚል የማስታወቂያ መልስ ነው። ሁለቱም በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም ቅባቱ ከዕፅ ወይም ከከብት የተገኘ ንጹሕ ፍጥረት ስለ ሆነ መጥቀሙ አያጠራጥርም ማለታቸው ነው። የዚህ ዳሰሳ ዐላማ ልማዱን መንቀፍ ወይም ነጋዴውን መክሰስ ሳይሆን፣ እናቶች ያቆዩንን፣ ሊቃውንት በመሣሪያ የመረመሩትንና ገበያው የሚያውጀውን በአንድ ሚዛን አኑሮ፣ ከሦስቱ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚመዝን ማየት ነው።

ሚዛኑም አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። ስለ ጠጕር የሚነገር ተስፋ ሁሉ ከሁለት ስፍራዎች አንዱን ይመለከታልና፤ ከቆዳ በታች ያለውን ሕያው ሥር፣ ወይም ከቆዳ በላይ የወጣውን ሕይወት አልባ ዘለላ። ያበቅላል፣ ያበዛል፣ ራሰ በራነትን ይፈውሳል የሚለው ተስፋ ለሥሩ የተነገረ ነው፤ ያለሰልሳል፣ ያበራል፣ ከመሰበር ይጠብቃል የሚለው ግን ለዘለላው ነው። ለዘለላው የተመሰከረለትን ቅባት ለሥሩም እንደ ተመሰከረለት አድርጎ መቍጠር በዚህ ጕዳይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ነው።

የጠጕር ባሕርይ

የሥነ ፍጥረት መምህራን እንደሚያስረዱን፣ በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ጠጕር ይገኛል፤ እያንዳንዱም የራሱ ሥር፣ የራሱም ዘመን አለው። ሥሩ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያህል ሲያበቅል ይቈይና ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በሚፈጅ ጊዜ ሥራውን አቁሞ፣ ሦስት ወር ገደማ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው ይረግፋል፣ ከዚያው ሥር አዲስ ይወጣል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ጠጕር ቢረግፍበት ከተፈጥሮ ሥርዐት አልወጣም፤ በሚዶ ላይ የቀረውን ጥቂት ጠጕር አይታ የምትደነግጥ ሴት ብዙ ጊዜ የምታየው በሽታን ሳይሆን ይህንኑ የማያቋርጥ መተካካት ነው። ይህ ሁሉ ሥራ የሚከናወነው ከቆዳ በታች ነው፤ ሥሩም ምግቡን የሚቀበለው በደም ሥር አማካይነት እንጂ ከላይ ከሚፈስስበት ነገር አይደለም።

ከቆዳ በላይ የወጣው ዘለላ ግን ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠራ፣ ደም የማይዘዋወርበት፣ ቢቈረጥ የማያም ነገር ነው። የላይኛው ልባሱ እጅግ ቀጫጭን ከሆኑ ቅርፊቶች የተደራረበ ሲሆን፣ አደራረቡም በወላይታ ባህላዊ ቤት ጣራ ላይ ሣሩ ከላይ ወደ ታች እየተነባበረ ዝናቡን እንደሚያንሸራትት ዐይነት ነው፤ ክዳኑ ደኅና ሳለ ውስጡ ይጠበቃል፣ ክዳኑ ሲነሣ ግን ርጥበቱ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። ጠጕር በታጠበ ቍጥር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኰማተራል፤ ይህ ማበጥና መኰማተር ሲመላለስ፣ በላዩም የሚዶ ጥርስ፣ የካስክ ሙቀትና የፔስትራ ግለት ሲጨመርበት፣ ቅርፊቱ ይነሣል፣ የውስጡ ፕሮቲን ይሸረሸራል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል።

የራስ ቆዳ ራሱ ወዝ ያመነጫል፤ ዘርጋ ባለ ጠጕር ላይ ይህ ወዝ እስከ ጫፍ ሲወርድ፣ በተጠቀለለ ጠጕር ላይ ግን ጥምዝምዙን ሁሉ አልፎ ለመውረድ ስለሚቸገር ጫፉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ጥምዝምዝ ደግሞ ራሱ የመሰበሪያ ስፍራ ይሆናል። እንግዲህ በአፍሪካ ምድር ከጥንት ጀምሮ ራስን በስብና በቅቤ ማለስለስ የተለመደበት ምክንያት ከንቱ ጌጥ መውደድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመና በፓሪስ በተደረገ ንጽጽር የአፍሪካውያን ወጣቶች ጠጕር በወር 8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአውሮፓውያኑ ግን 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያድግ ታይቷል፤ በአገራችን የጠጕር ዐይነት ብዙ ስለ ሆነ ቍጥሩ ከሰው ሰው ቢለያይም፣ በአንድ ወር አምስት ሴንቲ ሜትር አሳድጋለሁ የሚል ጠርሙስ ከተፈጥሮ ወሰን ውጭ እንደሚናገር ለመፍረድ ይበቃል።

የልማዱ ጥንታዊነት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው ኤበርስ የተባለው የግብጽ የሕክምና መድበል ለተመለጠ ራስ የአንበሳን፣ የጕማሬን፣ የአዞን፣ የድመትን፣ የእባብንና የዋልያ ዘመድ የሆነውን የተራራ ፍየል ስብ ቀላቅሎ መቀባትን ያዛል። ከዚያ ወዲህ ከ3,500 ዓመት በላይ ዐልፏል፤ የድብልቁ ዐይነት ተለዋወጠ እንጂ ተስፋው ያው ነው። በቅዱሳት መጻሕፍትም ቅብዕ ታላቅ ስፍራ አለው፤ መዝሙረኛው በአሮን ጢም ላይ ስለሚወርደው ሽቱ ይናገራል፣ ወንጌሉም ስለ ማርያም እንተ ዕፍረት ይተርካል፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ሜሮንን ለአዲስ ተጠማቂ፣ ቅብዐ ቀንዲልን ለሕሙም ታውላለች። ነገር ግን ይህ ሁሉ የመቀደስና የጸጋ ምልክት እንጂ ስለ ጠጕር እድገት የተሰጠ ትምህርት አይደለም፤ የመጽሐፍን ክብር ለሸቀጥ ማስታወቂያ የሚዋስ ሰው ሁለቱንም ያዋርዳል።

የመጽሐፉ ቅብዕ የወይራ ዘይት ነው፤ የአገራችን ወይራ ግን ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ለዘይት ሳይሆን ለእንጨቱ፣ ለጢሱና ለጥላው ይፈለጋል። ስለዚህ ከብት አርቢው የኢትዮጵያ ሕዝብ ከወይራ ዘይት ይልቅ ቅቤን ለራሱ መረጠ። እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ በትግራይ ሦስት ዓመት ገደማ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ፣ እንደ አገሬው ሰው ጠጕሩን አሠርቶ ቅቤ ይቀባ እንደ ነበር ይናገራል። በሰሜኑና በመካከሉ አገር ሴቶች የአደስን ቅጠል ወቅጠው ከለጋ ቅቤ ጋራ ለውሰው ይቀባሉ፤ የአፋር ጐረምሶች ጠጕራቸውን በቅቤ ያስተካክላሉ፤ የሐመር ሴቶች ቅቤን ከቀይ አፈር ጋራ አዋሕደው ጠጕራቸውን ይጠቀልላሉ፤ በጋሞ ደጋዎች ሀለቃ የሚባለው ሹም በሚሾምበት ጊዜ ራሱ በቅቤ ይቀባል።

በወላይታም የቅቤ ክብር ከዚህ አያንስም። በመስከረም የሚከበረው የጊፋታ በዓል ያለ ቅቤ አይታሰብም፤ ወንዶቹ ለሰንጋው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፣ እናቶች በበኩላቸው ለበዓሉ ቅቤ ያከማቻሉ። አራስ ቅቤ ትመገባለች፣ ራሷንም ትቀባለች። እንግዲህ ቅቤ ራስ ላይ የሚወጣው ለጠጕር ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለክብር፣ ለደስታና ለመታደስ ምልክትነት ጭምር ነው፤ ይህም ጥቅሙ የሐኪም ማረጋገጫ አያስፈልገውም። መመርመር ያለበት ከዚህ የተለየው፣ ለጠጕሩ ያደርጋል የተባለው ነው።

የሊቃውንት ምርመራ

በመሣሪያ ከተመረመሩት ቅባቶች መካከል የተሻለ ምስክር ያለው የኮኮናት ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሬሌና ሞሂሌ የተባሉ የህንድ ተመራማሪዎች የኮኮናትን፣ የሱፍ አበባንና የማዕድን ዘይትን አወዳድረው ባወጡት ጥናት፣ ከመታጠብ በፊትም ሆነ በኋላ ቢቀባ ከጠጕር የሚሸረሸረውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ዘይት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ የዚህ ዘይት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ ስለ ሆነ፣ የላውሪክ አሲዱም ሰንሰለት አጭርና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ በቅርፊቶቹ መካከል ሾልኮ ወደ ዘለላው ውስጥ እንደሚገባ፣ የሱፍ አበባው ዘይት ግን ሰንሰለቱ የተቈለመመ በመሆኑ፣ የማዕድን ዘይቱም ለፕሮቲን ዝምድና ስለሌለው፣ ሁለቱም ከላይ እንደሚቀሩ ገለጹ። እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ሁለት ነገር ይመዘግባል፤ አንደኛ፣ ጥናቱ የወጣው የኮኮናት ዘይት ከሚሸጥ ኩባንያ የምርምር ክፍል መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ የተመሰከረው ስለ ዘለላው እንጂ ስለ ሥሩ አለመሆኑን። ምስክርነቱ ደኅና ነው፣ ወሰኑ ግን ይህ ነው።

ቅቤያችንን በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው፣ በውስጡ ያለው ላውሪክ አሲድ ከስቡ መቶ እጅ ሦስት ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኛው ስቡ ፓልሚቲክና ኦሌይክ የሚባሉት ረዣዥም ሰንሰለቶች ናቸው። ስለዚህ ከኮኮናቱ ምስክርነት ወደ ቅቤ የሚተላለፈው ጥቂቱ ነው፤ ቅቤ ይበልጡን የሚሠራው ከዘለላው በላይ ሆኖ፣ ቅርፊቱን አስተኝቶ፣ ጠጕርና ጠጕር ሲፋተጉ እንዳይላላጡ በማድረግ ነው። ለዚህም ሥራ የተመቸ ጠባይ አለው፤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ፣ በሶዶ ቀዝቃዛ አየር ረግቶ ይቈይና የራስ ሙቀትና የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው እየቀለጠ ከሥር እስከ ጫፍ ይወርዳል። ለጋውን ቀብተው፣ በሻሽ ሸፍነው፣ ጥቂት ሰዓት ፀሐይ ሞቀው፣ ከዚያ የሚታጠቡ እናቶች ስለ ዘለላ አጠባበቅ የሚያውቁት ነገር ከመታጠብ በፊት ቅባት መቀባት ይሻላል ከሚለው ከዘመኑ ትምህርት ጋራ ይስማማል።

ጉሎ ከሁሉ ይልቅ የተወራለት ነው። ዛፉ በአገራችን በየአጥሩ ጥግ ይበቅላል፣ ፍሬውም ተቈልቶና ተወቅጦ ለምጣድ ማሰሻነት ሲያገለግል የኖረ ነው። ከዘይቱ መቶ እጅ 90 ያህሉ ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ስለ ሆነ እጅግ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው፤ ይህም ውፍረቱ ጠጕሩን ሸፍኖ የሞላና የሚያበራ ያስመስለዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የኮኮናት፣ የጉሎና የአርጋን ዘይቶችን ጥናት ሁሉ አሰባስቦ የመዘነ የቆዳ ሐኪሞች ዳሰሳ፣ ጉሎ ለጠጕር ማብራት ደካማ ማስረጃ እንዳለው፣ ለማብቀል ግን ብርቱ ማስረጃ እንደሌለው፣ የኮኮናቱ ዘይት ግን ተሰባሪ ጠጕርን በማገዝ እንደሚሻል ደምድሟል። ይባስ ብሎም እ.ኤ.አ. በ2017 ከህንድ የወጣ የሐኪሞች ዘገባ፣ ጉሎ ያለበትን ዘይት ተቀብታ የታጠበች አንዲት ወጣት ጠጕሯ ድንገት እንደ ምንጣፍ ተጠላልፎ ከመቈረጥ በቀር መፍትሔ እንዳጣ ይተርካል። ጥሬ ፍሬው ደግሞ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ያለበት ስለ ሆነ፣ ጉሎ በቤት የሚጨምቅ ሰው ፍሬውንና ዝቃጩን ከሕፃናትና ከከብት ሊያርቅ ግዴታው ነው።

የቀሩት የአገር ቅባቶች በአጭሩ ይታያሉ። ኑግና ተልባ በቀላሉ ከአየር ጋራ የሚዋሐዱ ስቦች ስለሞሉባቸው ቶሎ ይጐመዝዛሉ፣ ሽታቸውም ይለወጣል፤ ይሁንና የተልባው ፍሬ ተቀቅሎ የሚገኘው ልጋግ ቅባት ሳይሆን ውሃ የያዘ በመሆኑ የተጠቀለለ ጠጕርን ቅርጽ ለማስያዝ ያገለግላል። አቮካዶ በወላይታ ጓሮዎች ሞልቷል፤ የፍሬውም ሆነ በቆላው የሚበቅለው የሽፈራው ዘር ዘይት በኦሌይክ አሲድ የበለጸገ፣ ለስላሳና ቶሎ የማይጐመዝዝ ስለ ሆነ ለዘለላው ደኅና ልባስ ነው። በጋምቤላ ምድር የሚበቅለው የሺያ ቅቤም በዚሁ ወገን ይቈጠራል። ቫዝሊን ደግሞ ከምድር ዘይት የወጣ፣ ተፈጥሮ የሚል ጽሕፈት የሌለው ነገር ቢሆንም፣ የደረቀ ጫፍን ከመፋተግ ያድናል፤ ከዚህም እንደምንረዳው ቅባትን ከቅባት የሚለየው የመገኛው ክብር ሳይሆን የውስጡ አሠራር ነው።

ለሥሩ የተደረጉ ምርመራዎች ጥቂት ናቸው። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢራን ተፈትኗል፤ በዘር የሚመጣ ራሰ በራነት ካለባቸው 100 ሰዎች ግማሹ የሮዝመሪውን ዘይት፣ ግማሹ ከመቶ 2 እጅ ሚኖክሲዲል የተባለውን መድኀኒት ለ6 ወር ተቀብተው፣ በመጨረሻው የሁለቱም ጠጕር በተመሳሳይ መጠን ጨምሮ ተገኝቷል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን ምንም ያልተቀባ ወይም ተራ ዘይት ብቻ የተቀባ ሦስተኛ ወገን ስላልነበረ፣ ጭማሪው ከቅጠሉ ይሁን ከሌላ ምክንያት ለይቶ መናገር አይቻልም፤ የተፈተነውም ተጣርቶ የወጣው ይዘት እንጂ በቤት ምጣድ ላይ በዘይት የተጠበሰው ቅጠል አይደለም። ሚኖክሲዲል ራሱ ከደም ግፊት ክኒንነት ተነሥቶ፣ በብዙ ምርመራ ዐልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለጠጕር የተፈቀደ መሆኑን ስናስብ፣ ለሥሩ ምስክርነት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ ይገባናል።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠን እ.ኤ.አ. በ1998 በስኮትላንድ አበርዲን የተደረገው ነው። ጠጕርን በክብ የሚመልጠው ላሽ የያዛቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን የቶሲኝ ዘመድ የሆነውን ዕፅ፣ የሮዝመሪን፣ የላቬንደርንና የሴዳርን ዛፍ ዘይት በሌላ ዘይት በጥብጦ፣ ሁለተኛው ወገን ግን ያን መበጥበጫ ዘይት ብቻ ለ7 ወር በራሱ ላይ ያሽ ነበር። ከፊተኛው ወገን 44 በመቶ፣ ከኋለኛው 15 በመቶ ተሻላቸው። ልዩነቱ ለዕፆቹ የሚመሰክር ቢሆንም፣ ምንም ልዩ ነገር ሳይቀቡ የዳኑት 15 በመቶ ደግሞ ሌላ ምስክር ይሰጣሉ፤ ላሽ ብዙ ጊዜ ራሱ የሚመለስ ደዌ ነውና፣ ተራ ዘይት የተቀባውም ሰው ዳንሁ ብሎ በሙሉ ልቡ ሊምል ይችላል።

የምስክሮች ቃል እንዴት ይሰማል

እናቶቻችን ቅቤ ጠጕሬን አሳደገው ሲሉ ውሸት አይናገሩም። ሥሩ በወር የሚያወጣው ልክ ያው ሆኖ ሳለ፣ ጫፉ በየሳምንቱ ይሰበር የነበረው ጠጕር በቅቤ ተጠብቆ መሰበሩን ሲያቆም ርዝመቱ ይጨምራልና፤ ዐይን ያየው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን ዕድገት ሳይሆን መትረፍ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ የአያቶችን ቃልና የሊቃውንትን ምርመራ ያስታርቃል።

ሌላው የወሊድ ነገር ነው። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቈየው ጠጕር ከወለዱ ሁለት እስከ አራት ወር በኋላ በአንድነት ይረግፋል፤ ከዚያም በአብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይሞላል። በዚህ መካከል አራሷ ቅቤ ብትቀባ ቅቤው፣ ጥቁር አዝሙድ ብትቀባ ጥቁር አዝሙዱ፣ ጠርሙስ ብትገዛ ጠርሙሱ ክብሩን ይወስዳል። ቅባት የጀመረች ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ አብራ ፔስትራውን ትተዋለች፣ ሹሩባውን ታላላለች፣ በየሳምንቱ መታጠቧን ትቀንሳለች፤ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማመስገን ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ ምስክር ሲመጣ ከምን ጋራ ተወዳደረ፣ ሌላስ ምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ የማስተዋል መጀመሪያ ነው።

ጕዳቱና ወሰኑ

ተፈጥሮ የተባለ ሁሉ የማይጐዳ ቢሆን ኖሮ እባብ ባልነደፈ ነበር። ፎረፎር ላለበት ራስ ቅቤ ወይም ዘይት መድኀኒት ነው የሚለው አነጋገር በሰፊው የተለመደ ቢሆንም፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለፎረፎር ምክንያት የሚሆነው ማላሴዝያ የሚባለው ፈንገስ ኑሮው በስብ ላይ ነው፣ በቤተ ሙከራም ሲያራቡት የወይራ ዘይት ይመግቡታል። ቅባቱ የፎረፎሩን ቅርፊት ለጊዜው አርጥቦ ይሰውረዋል፤ ከሥር ግን ጠላቱን ይቀልበዋል።

የሕፃናት ቆረቆር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ፈንገስ በሥሩ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከላይ የሚቀባ ነገር አይደርስበትም፤ በጤና ጣቢያ የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኀኒት ያስፈልገዋል። በቅቤ እየሸፈኑ ወራት ማሳለፍ ሥሩን እስከ ጠባሳ ያደርሰዋል፣ ከጠባሳም በኋላ ጠጕር አይበቅልም። ግንባር ላይ የሚወርድ ቅባት ብጉር ያወጣል፤ ከዕፅ ተጣርቶ የወጣ ብርቱ ዘይት ሳይበጠበጥ ቢቀባ ቆዳ ያቃጥላል። የሕፃን እርግብግቢት በቅቤ ቢሸፈን ቶሎ ይደፈናል የሚባለውም መሠረት የለውም፤ አጥንቱ የሚገጥመው በራሱ ጊዜ ነው።

የሹሩባን መጥበቅ ግን ማንም ቅባት አይክሰውም። በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ምርመራ ከአዋቂ ሴቶች ሲሶ ያህሉ በመጐተት የሚመጣ የግንባር ጠርዝ መመለጥ ተገኝቶባቸዋል። ጠጕር ሠሪዋ ቀጥ እንዲል አጥብቃ ስትጐትተው ራስ ምታት ወይም ሽፍታ ካስነሣ፣ መፍትሔው ማላላት እንጂ በላዩ ዘይት ማንቈርቈር አይደለም። ከ200 ዲግሪ በላይ የጋለ ፔስትራም ቅባት ስለተቀቡ አይራራም።

የገበያው ንጽሕናም ሊዘነጋ አይገባም። ቅቤ ሲወደድ ሙዝ፣ ድንች ወይም የአትክልት ቅቤ እየቀላቀሉ የሚሸጡ መኖራቸው በአገራችን የታወቀ ነው፤ በባሕር ማዶ ጠርሙስ ውስጥም በጽሕፈቱ ላይ ስሙ ጐልቶ የወጣው ዘይት ከሌሎች ርካሽ ዘይቶች መካከል ጥቂት ጠብታ ሆኖ ይገኛል። በስብጥር ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ቀድሞ የተጻፈው በመጠን የሚበልጡት ስለ ሆኑ፣ ጐልቶ የወጣውን ስም ሳይሆን ዝርዝሩን ማንበብ ይበጃል።

ሥሩ ምን ይበላል

እስካሁን እንዳየነው ቅባቱ ከዘለላው ብዙም አያልፍም፤ እንግዲያስ ሥሩ የሚሰማው ምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ገበታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም በዛሬዋ ጋና ኳሺዮርኮር ስለሚባለው የሕፃናት የምግብ እጥረት በሽታ በጻፈች ጊዜ፣ ፕሮቲን ያጣ ሕፃን ጠጕር ሳስቶና ቀልቶ በቀላሉ የሚነቀል እንደሚሆን በዓለም ሕክምና ዘንድ ታወቀ። ሕፃኑ ሲያገግም አዲስ የሚወጣው ጠጕር ይጠቍራል፤ ረኀብና ጥጋብ ከተፈራረቁበት ደግሞ በአንድ ዘለላ ላይ ፈዛዛና ጥቁር ቀለም እየተፈራረቀ ይታያል። የገበታ ታሪክ በራስ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ሆኖ ነው።

ወላይታ ሕዝብ በርከት ብሎ ከሚኖርባቸው የኢትዮጵያ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ማሳው ጠባብ፣ ዋናው ምግብም እንሰትና ሥራ ሥር ሲሆን፣ እነዚህ ኀይል ሰጪ ቢሆኑም በፕሮቲን ደካሞች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን በዚህ ምድር የታየው የሕፃናት ጕስቍልና አይዘነጋም። ስለዚህ የጠጕር መሳሳት ያስጨነቃት እናት በቦሎቄ፣ በእንቍላል፣ በወተትና በጎመን የምታገኘውን ፕሮቲንና የብረት ማዕድን ከጠርሙስ አታገኘውም። የሽፈራው ቅጠል በድስት ተቀቅሎ ሲበላ የሚሰጠው ጥቅም ዘሩ ተጨምቆ በራስ ላይ ሲፈስስ ከሚሰጠው ይበልጣል። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ብርቱ ትኩሳት ወይም ሐዘንና ጭንቀት ያስከተለው መርገፍም ሐኪሙን እንጂ ቅባት ሻጩን አይመለከትም፤ በዘር የመጣ ራሰ በራነትም በሆርሞን የሚነዳ ስለ ሆነ ቅቤ አይመልሰውም።

ፍርዱ

እንግዲህ ከሦስቱ ምስክሮች ልማዱ ከታሰበው በላይ፣ ማስታወቂያው ከሚጮኸው በታች መዝነዋል። ጠጕሯ የደረቀና የሚሰበር ሴት ከመታጠቧ ጥቂት ሰዓት አስቀድማ ለጋ ቅቤ፣ የኮኮናት ወይም የአቮካዶ ዘይት በልኩ ከጫፍ ጀምራ ብትቀባ፣ ከዚያም በደንብ ብትታጠብ መልካም አደረገች፤ ከእነዚህም አቅሟ የፈቀደውንና ንጹሕ መሆኑን ያረጋገጠችውን መምረጥ እንጂ ከሩቅ አገር የመጣውን መከተል አያስፈልጋትም። ፎረፎር ወይም ቍስል ያለበት ራስ ግን ቅባቱን ትቶ መታየት አለበት፤ በሹሩባ የሳሳው ይላላ፣ በወሊድ የረገፈው ይታገሥ፣ በክብ የተመለጠው ሐኪም ይየው።

ሶዶ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆና ሱቆቿ በየቀኑ እየበዙ ናቸው፤ ጠርሙሶቹም ከዚያው ጋራ ይበዛሉ። ገዢዋ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ለሥሩ ነው ወይስ ለዘለላው፣ ከምንስ ጋራ ተወዳድሮ ተፈተነ ብላ ሁለት ጥያቄ ብትጠይቅ አብዛኛው መልስ ያጣል። ለሥሩ ብላ ልትከፍለው ያሰበችውን ገንዘብ በቦሎቄና በእንቍላል ላይ ብታውለው ወደ ሥሩ ይደርሳል፤ ለዘለላው የሚበቃውን ቅቤ ግን ከጎረቤቷ ገበያ በትንሽ ዋጋ ታገኘዋለች።